የሚያቃስተው ሚክሰር

ከሼፈርድስ ቡሽ ወደ ዌምብሊ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ጭናቸው ላይ ባለው ፌስታል ውስጥ ሦስት አሮጌ የእጅ ሚክሰሮች ይታያሉ። አጠገባቸው የተቀመጠችውን ወጣት አላስችላት አለ።

«ጋሼ፣ ኬክ ቤት አለዎት እንዴ?»

«ኧረ የለኝም ልጄ። እነዚህን ዛሬ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ቻሪቲ ሾፕ አገኘኋቸው። ቤት ውስጥ ሌሎች አምስት አሉኝ።»

«ስምንት ሚክሰር! ምን ያደርጉበታል?»

«አብሽ እስኪወፍርና እስኪነጣ እመታበታለሁ።»

«ለአብሽ አንድ አዲስ አይበቃም?»

«አዲሱ አያቃስትም።»

«ምን አያደርግም?»

«አብሹ እየወፈረ ሲሄድ የድሮው ሞተር ይከብደዋል፣ ድምፁ ይወርዳል። አዲሱ ግን ቢወፍርም ባይወፍርም ጩኸቱ ያው ነው።»

«ጋሼ፣ ግራ ገባኝ። መወፈሩን በዓይንዎ አያዩትም?»

«እኔማ አያለሁ። ባለቤቴ ናት የማታየው።»

«ውይ! እሳቸው ናቸው የሚመቱት?»

«እኔ ነኝ። እሷ ወንበሯ ላይ ሆና ታዳምጣለች። ‹ውሃ ጨምር› ትለኛለች፤ ደግሞ ‹በቃ፣ ነጣ› ትላለች። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።»

«መንጣቱን በጆሮ?»

«በጆሮ። ልጆቹ አዲሱን የገዙልን ቀን ግን ትንሽ አዳመጠችና ግድግዳውን ይዛ ከወጥ ቤት ወጣች።»

«እሺ፣ ስምንት ግን ለምን?»

«አሮጌ ናቸው፣ ይቃጠላሉ። እሷን ቀድመው እንዳያልቁብኝ ብዬ ነው።»

እስከ ዌምብሊ ድረስ ዓይኔን ጨፍኜ የአውቶቡሱን ሞተር ሳዳምጥ ሄድኩ።