የአራሷ ስንዴ

ከሐይቅ ከተማ ወደ አርዲቦ የምትወጣው ባጃጅ ዳገቱ ወገብ ላይ ጎማዋ ፈንድቶ ቆመች። ሸህ ኢስሃቅ ሹፌሩን ረገሙት፤ ወዲያው ደንግጠው «አስተግፊሩላህ» አሉና ደግሞ መረቁት። ከዚያ በኩታቸው የጠቀለሏትን ጣሳ አቅፈው በእግራቸው መንገድ ጀመሩ። ጣሳው ውስጥ ቅቤ ነበር። ልጃቸው ፈሂማ የመጀመሪያዋን ልትወልድ አባቷ ቤት ገብታለች፤ ወሯም ደርሷል።

ከባጃጇ አብራቸው የወረደች ወጣት ከኋላ ደረሰችባቸው።

«አባባ፣ ጣሳውን ልያዝልዎት?»

«ተባረኪ፣ አይከብደኝም። የማን ልጅ ነሽ?»

«የልብስ ሰፊው የሀሚድ ልጅ ነኝ። ሳጂዳ እባላለሁ።»

«አጀብ! ያቺ ጂዳ ሄደች የተባለችው?»

«አዎ፤ ከጂዳ ይዤ በመጣሁት ገንዘብ ደሴ ኮሌጅ ተማርኩ። አሁን እርዳታ ድርጅት ውስጥ ነኝ።»

«ማሻአላህ! ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ግምገማ።»

ሸህ ኢስሃቅ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ግምገማ? በሞቴ፣ ሌላ ሥራ ጠፍቶ ነው ልጄ? እኛ በየመንግሥቱ ያየነው ግምገማ ሰው ከወንበሩ ሲያወርድ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሲያባላ ነው።»

«ይኼኛው ማንንም አያወርድም አባባ። ጦርነቱ ጋብ ያለ ጊዜ የተሰጠው እርዳታ ምን ጠቀመ፣ የት ላይ ጎደለ ብለን ለመማር ነው። ዛሬ ከሰዓት መስጊዱ ግቢ የተጠራው ስብሰባ የኛ ነው።»

«እሱንማ በዱዓ የምከፍተውም የምዘጋውም እኔ ነኝ! እንግዲያው መልሱን እዚሁ ልስጥሽና ድካም ይቅርልሽ። ደርሶናል። አልሐምዱሊላህ። አለቀ።» ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መከሯት። «ስሚኝ ልጄ፤ ሰደቃ አይመረመርም። የሰጠህን ሰው 'ለምን እንዲህ አድርገህ አልሰጠኸኝም' ማለት ነውር ነው። ባለፈውም ሰዎቻችሁ 'ደረሳችሁ ወይ?' ብለው ሲጠይቁ እኔው ተነስቼ ደርሶናል አልኩ፣ ዱዓ አደረግኩ፣ ሕዝቡም አሚን ብሎ ወደየቤቱ ገባ። ዝም አይነቅዝም።»

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራልም ይባላል እኮ!»

«እኔ በዚህ እድሜዬ ደጃዝማችነት ምን ያደርግልኛል!» ብለው ሳቁ።

እንዲያው እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ይህ የሸህ ኢስሃቅ ጠባይ ብቻ አይደለም። የአገሬው ሰው ሲሰጡት ይመርቃል፣ ሲነፍጉትም ይመርቃል። የጎደለውን ከመናገር ጦሙን ማደር ይቀለዋል። ይሉኝታ ደግ ነገር ነው፤ ግን ልክ ሲያልፍ እሱም ሰው ይጎዳል።

ሳጂዳ ግን እንዲህ በቀላሉ የምትተው ልጅ አልነበረችም።

«አባባ፣ ዘንድሮ በልጉ ቀርቷል። እርዳታው ተመልሶ ሊመጣ ነው፤ እንደ ባለፈው ስንዴ ነው የሚመጣው። ወፍጮአችሁ ይሠራል?»

«የት ይሠራል? ትራንስፎርመሩ ከተቃጠለ ሰነበተ። ባለወፍጮው ታረቀኝም ወፍጮ ቤቱን ቆልፎ ተቀምጧል።»

«ያኔ እርዳታው ሲመጣስ?»

«ያኔማ መብራቱም ናፍጣውም የለ!»

«ታዲያ ስንዴውን ምን አደረጋችሁት?»

«ሰው እህል ምን ያደርገዋል? ይበላዋላ!» ሸህ ኢስሃቅ ተቆጡ። «ነይ! ምስክር ላሳይሽ። ያቺ ከኔ ጋር አጥር ለአጥር ያለችው ቤት የኑርሀያት ናት። ባሏ ሪያድ ነው። ያን ጊዜ አራስ ነበረች። 'ለአራሷ ቅድሚያ!' ብዬ የመጀመሪያውን ጆንያ ደጇ ድረስ ያስወሰድኩት እኔ ነኝ። ልጁ ግን አልቆየላትም፤ ምች መታው፤ በእጄ ቀበርኩት። የአላህ ቀዷ ነው። ብቻ አልተረሳችም፤ ከራሷ አፍ ስሚው።»

ኑርሀያት የሽማግሌውን እጅ ስማ አስገባቻቸው፤ ቁርበትም አነጠፈችላቸው።

«ያ ስንዴ ደርሶሻል አይደል?» አሏት ገና ሳይቀመጡ።

«ደርሶኛል ሸህዬ። አልሐምዱሊላህ፣ እድሜ ይስጥልኝ።»

ሸህ ኢስሃቅ ሳጂዳን 'አላልኩሽም?' በሚል ዓይን አዩአት። ሳጂዳ ወደ ኑርሀያት ጠጋ ብላ ለስለስ ባለ ድምፅ ጠየቀች።

«እህቴ፣ ስንዴውን ምን ሠራሽበት?»

ኑርሀያት ውሃ ልትቀዳ ያነሳችው ጣሳ እጇ ላይ ቀረ። ወደ ጓዳው ጥግ ዞራ አየች። እዚያ ከግማሽ በላይ የሞላ ጆንያ አፉ ታስሮ ቆሟል።

«ይኸው» አለች። «ጥሬውን ነው የመጣ። ታረቀኝ ጋ ወፍጮ የለ። ድንጋዩ ላይ ልፈጭ ጎንበስ ስል ደሜ አልቆም አለ። ቀቅዬ በላሁት። ንፍሮ ለአራስ ምን ይሆናታል? ገንፎ የሚገነፋው በዱቄት ነው። ጡቴ ደረቀ። ልጁ ይጠባል፣ ምንም የለም፤ ያለቅሳል። በኋላ ማልቀሱንም ተወው።»



«ምች ነው አላላችሁኝም?» አሉ ሸህ ኢስሃቅ።

«ምች ነው ያሉት አንቱ ነዎት ሸህዬ። እኔ ዝም አልኩ።»

«ያ ረቢ! አጥር ለአጥር እየኖርን? አንድ ቃል ብትይኝ!»

«ምን ልበል? ሰው ሁሉ ለራሱ ልጆች ይፈጫል። ደግሞ ስንዴው ደጄ ላይ ቆሟል። ስንዴ ያላት ሴት ራበኝ ብትል ማን ያምናታል?»

«በስብሰባውስ?»

«ልናገር ብድግ ብዬ ነበር። አንቱ እጅዎን ለዱዓ ዘረጉ። ከዱዓ በኋላ ማን ያወራል? እኔም አሚን ብዬ ተቀመጥኩ።»

ሸህ ኢስሃቅ ተነስተው የጆንያውን አፍ ፈቱ። እጃቸውን ሲሰዱ ፍሬ አላገኙም፤ የሚተን ብናኝ ነው የወጣላቸው። ወፍጮ ያልፈጨውን ስንዴ ነቀዝ ፈጭቶታል።

«ከልጁ በኋላ አፌ አልቀበለው አለ» አለች ኑርሀያት። «እንዳልጥለው የአላህ ሲሳይ ነው። እንዲሁ ተቀመጠ።»

ሽማግሌው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ያን ሕፃን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው የያዙበት እጅ አሁን ዱቄት ለብሷል። እጃቸውን አዩ፣ የቅቤዋን ጣሳ አዩ፣ ፈሂማ ትዝ አለቻቸው።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን! ቀዷ ነው ብዬ ቀበርኩት። የኛን ጥፋት ወስጄ አላህ ላይ ጣልኩት እኮ፣ ሰዎች!» ብለው አለቀሱ።

ሳጂዳም እያለቀሰች ነበር። ቢሆንም ነገሩን በእንባ ብቻ አልተወችውም።

«አባባ፣ አንቱ ክፉ አላሰቡም። ስንዴውን የላከውም ክፉ አላሰበም። ግን ደግ ሥራም ይሳሳታል፤ ስህተቱን የነገረው ከሌለ ደግሞ ያንኑ ይዞ ይመለሳል። የኛም ሰዎች አጥፍተዋል። 'ደረሳችሁ ወይ?' ብለው፣ አዎ ሲባሉ ደስ ብሏቸው ሄዱ። ጆንያ ደጅ መድረሱና ሰው መብላቱ ለየቅል ነው። የኔ ግምገማ የሚባለው ሥራ ይኼንኑ መለየት ነው፤ ሌላ ምንም የለው።»

«ፈሂማ ወሯ ነው» አሉ ሸህ ኢስሃቅ፣ ለማንም እንደማይናገር ሰው። «ስንዴውም ሊመጣ ነው። ወፍጮውም እንደተዘጋ ነው።» ከዚያ ተነሱ። «ኑርሀያት፣ ልጄ፣ ዐውፍ በይኝ። ዛሬ ስብሰባው ከመጣሽልኝ፣ ተናግረሽ ሳትጨርሺ እጄን ለዱዓ አልዘረጋም።»

ከሰዓት በኋላ መስጊዱ ግቢ ሕዝቡ ሞልቶ፣ እንደ ልማዱ እጁን ዘርግቶ ሸሁን ጠበቀ።

«እጃችሁን አውርዱ» አሉ። «ዱዓው ኋላ ነው። ዛሬ ደርሶናል የሚል ሰው አልፈልግም። ምን በላችሁ? ማን ሳይበላ ቀረ? እሱን ንገሩን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። እኔ ደብቄ አንድ ነፍስ ቀብሬያለሁ።»

ሰው ሁሉ ክው አለ። ከሴቶቹ መካከል ኑርሀያት ተነሳች፤ ለሸሁ የነገረችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገረች። ያን ጊዜ የሌላውም አፍ ተፈታ። አንዱ ደግሞ የዓይነ ስውር ወንድሙን ድርሻ ሰው ይዞለት ይመጣል ሲባል ማንም ሳያመጣለት እንደቀረ አነሳ። አንዲት አሮጊት ጥርስ ለሌለው ሰው ንፍሮ ምን እንደሆነ ሲናገሩ የሚስቅም የሚያለቅስም ነበር። ሳጂዳ ትሰማለች፣ ትጠይቃለች፣ ደግሞ ትሰማለች።

ከዚያ ቀን ንግግር የተገኘው ጥቅም እንዲህ በቀላሉ የሚነገር አይደለም። ድርጅቱ ለአራሶችና ለአቅመ ደካሞች የተፈጨውን፣ ለሕፃናቱም ፋፋ እንዲመጣ ተስማማ። ለታረቀኝ ወፍጮ ጄኔሬተር ተገኘለት፤ ሕዝቡ ደግሞ ለክፉ ቀን የሚሆን ናፍጣ አዋጥቶ አስቀመጠ። እህል ከታደለ በኋላ ሴቶቹ በየቤቱ ገብተው ድስቱን ከፍተው እንዲያዩ ተባለ። እዚህ ላይ አንዳንድ ወንዶች አጉረመረሙ፤ ሸህ ኢስሃቅ በዓይናቸው ዝም አሰኟቸው። ዱዓው የተደረገው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነበር፤ ያን ቀን አሚኑም ጠንከር ያለ ነበር።

ፈሂማ ስትወልድ የእርዳታው ዱቄት ገብቶ ነበር። ገንፎውን ያገነፋችው 'እኔ ነኝ የማገነፋላት' ብላ የመጣችው ኑርሀያት ናት። ሸህ ኢስሃቅ ወንድ አይገባም ስለተባሉ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይቁነጠነጣሉ።

«አብሽሩ ሸህዬ፣ ገንፎው ደርሷል» አለቻቸው አንዲት ጎረቤት።

«ደርሷል አትበይኝ!» አሉና ወደ በሩ ዞረው ተጣሩ። «ኑርሀያት! በላች ወይ?»

«እየበላች ነው ሸህዬ» አለች ከውስጥ።

ሸህ ኢስሃቅ ጨረሰች እስኪሏቸው ድረስ ከድንጋዩ አልተነሱም።