የኸይረዲን ተራ

ሄሎ... ሄሎ፣ ማን ልበል?... አዎ፣ አስካለ ነኝ። ቆቦ፣ የመስኖ ፓምፑ ጠባቂ።... ከአዲስ አበባ? የፓምፑን የስልክ አፕ የሠራው ድርጅት? — ተስፋይ፣ ና፣ ደወሉ። አዎ፣ የአፑ ሰዎች። ዝም በልና ቁም።

ማን አልከኝ?... ዘላለም። ዘላለም ወንድሜ፣ ከጠዋት ጀምሬ ስደውል ሙዚቃ ነው የምታሰሙኝ። አሁን ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ነው። ባለተራው እስከ ስድስት ሰዓት ካልከፈተው ያ አፓችሁ ፓምፑን ለቀኑ ይቆልፈዋል።

...የለም፣ ፓምፑ አልተበላሸም። ስማኝማ። የዛሬው የውሃ ተራ የኸይረዲን ነው። እሱ እዚህ መጥቶ በገዛ ስልኩ ላይ አውራ ጣቱን ካላስነካ ፓምፑ አይነሳም። እሱ ደግሞ እናቱ ሌሊት አርፈው ቀብር ላይ ነው።

...አዎ፣ አላህ ይዘንላቸው። እኛ ዘንድ ታዲያ ሐዘን ያገኘው ሰው ያን ቀን ማሳው አይገባም። ተራውን ለጎረቤቱ ይለቃል፣ ጎረቤቱ በሌላ ቀን ይመልስለታል። አባቶቻችን በጎርፍ ሲያጠጡም እንዲሁ ነበር። ኸይረዲንም ተራዬን ለጎረቤቴ ለተስፋይ ብሎ ሰው ልኳል። ለአፑ ማን ይንገረው?

...በጽሑፍ? መስከረም ላይ ጽፈናል እኮ። ተራ የምንለዋወጥበት ነገር ጨምሩልን አልን። አርብ ለነኸይረዲን አይመችም፣ የበዓል ቀን ለኛ አይመችም። "አስተያየትዎ ደርሶናል" አላችሁ። ኅዳር ላይ ደግመን ጻፍን። "ችግሩ ተፈቷል" ብላችሁ ዘጋችሁት። ማን ፈታው? እኔ እዚሁ ፓምፑ ሥር ነው የምውለው፣ የፈታ ሰው አላየሁም።

ሄሎ? ትሰማኛለህ?... — ተስፋይ፣ አትመላለስብኝ፣ አዞርከኝ እኮ። — እሱ ነው፣ ባለሽንኩርቱ። ባለፈው በሱ ተራ መብራት ጠፋ፣ አፑ ግን እንዳጠጣ ቆጥሮበት አለፈ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። ዛሬ ካልጠጣ አለቀለት።

...በሚቀጥለው ማሻሻያ? መቼ ነው እሱ?... በቅርቡ። ወንድሜ፣ ሽንኩርት "በቅርቡ" ቢሉት አይገባውም። አንተ ከዚያ ሆነህ መክፈት አትችልም?... የማን ፈቃድ?... ስብሰባ ላይ ናቸው። ይሁና።

...እሱን እናምጣው? እናቱን ከሚቀብርበት? ማን አፍ አለው? እኔ አልልክበትም። ተስፋይም ሽንኩርቴ ይድረቅ እንጂ አልሄድም ብሏል።

ቆይማ... አንዴ ጠብቀኝ። ባጃጅ መጣ።... ወይ ጉድ፣ ራሱ ነው። — ኸይረዲን፣ ምነው ወንድሜ፣ ቀብሩ አለቀ እንዴ?... አፈሩን እየመለሱ ጥለህ መጣህ? ማን ጠራህ?... — "አፑ እንደሚቆልፍ አውቃለሁ" ነው የሚለኝ።

...አዎ ዘላለም፣ መጥቷል። ስልኩን አወጣ።... ስልኩ እንቢ አለ። — ድገመው ኸይረዲን።... አሁንም እንቢ። "ጣትዎን ያጽዱ" ይላል። — ተስፋይ፣ ያን ጀሪካን አምጣ፣ እጁን አስታጥበው። — ጣቱ አፈር ነው ዘላለም። የናቱ የመቃብር አፈር ነው።

...ታጠበ። እንደገና አስነካው።

ተነሳ... ፓምፑ ተነሳ፣ ሰማኸው? ውሃው ወጣ። ተስፋይ ግን ቆሞ ያለቅሳል። — ሂድ እንጂ፣ ውሃው በከንቱ ይፈሳል። ኸይረዲን፣ አንተም ባጃጁ ሳይሄድ ተመለስ።

...የለም፣ ሌላ የምትረዳኝ ነገር የለም። እንደ ልማዳችሁ "ችግሩ ተፈቷል" ብለህ ዝጋው። እንዴት እንደተፈታ ግን ከሥሩ ጻፍልኝ። ሰውዬው እናቱን ቀብሮ ሳይጨርስ መጥቶ ከፈተው በል።... አዎ፣ እንዳልኩህ አድርገህ።

በል ደህና ዋል፣ ቦዩን ልይ።