የማኅደር ጤፍ

ሸኖ ከተማ ዳር፣ በወንድይፍራው ወፍጮ ቤት፤ መብራት በመጥፋቱ ሰልፈኛው ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ውስጥ ባለወፍጮውና ሚስቱ ትርሲት ታማ ቤት ስለተኛችው ስለ ልጃቸው ስለ ማኅደር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጨቃጨቃሉ።

ትርሲት፦ ማኅደር ከቤቴ አትወጣም ብያለሁ። እህትህ ነገ ብትመጣ እኔን ረግጣ ካላለፈች በቀር አትወስዳትም።

ወንድይፍራው፦ ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል። እትዬ አሰገደች ምን በደለችሽ? ላስታምማት ነው ያለችው።

ትርሲት፦ በምን ነው የምታስታምማት?

ወንድይፍራው፦ በምን ማለት ምን ማለት ነው? በወተት፣ በቅቤ፣ በገብስ ገንፎ ነዋ። እኛን ሁላችንን ያሳደገን ገብስ አይደል እንዴ?

ትርሲት፦ ገንፎ ስትል ትንሽ እንኳ አፍህን አይይዘውም? ሐኪሙ ፊት አብረን አልነበርንም? የልጅቱን አንጀት የሚልጠው ስንዴና ገብስ ነው፣ ቁራሹ ቀርቶ ብናኙ እንዳይነካት ሲለን አንተም ራስህን ስትነቀንቅ ነበር።

ወንድይፍራው፦ ነቀነቅኩ። ሰው ሐኪም ፊት ሌላ ምን ያደርጋል? ማን አለው ደግሞ የበሽታውን ስም?

ትርሲት፦ ሴሊያክ።

ወንድይፍራው፦ የመኪና ስም ይመስላል። እሺ፣ ያለውን ሁሉ አደረግን። ስንዴ ቀረ፣ ገብስ ቀረ። ምጣዷ ለብቻ፣ ሳህኗ ለብቻ፣ ማንኪያዋ ለብቻ ሆነ። ጎረቤት ክርስትና ሲጠሩን ያጎረሷትን አውጥታ በእጇ ስትይዝ እኔ የምገባበት ጠፍቶኝ ነበር። ይህን ሁሉ ችለን ምን አተረፍን? ይኸው ሆዷ ተነፍቶ እግሯ ሰልሏል። ትናንት ከአልጋ ደግፌ ነው ያወረድኳት።

ትርሲት፦ ድና ነበር እኮ።

ወንድይፍራው፦ ነበር።

ትርሲት፦ ፋሲካ ላይ ከጎረቤት ልጆች ጋር ገመድ ስትዘል በዓይንህ አይተሃታል። ሽሮዋን በጤፍ እንጀራ፣ ድንቹን፣ ሽምብራውን፣ የበቆሎ ቂጣውን ደስ ብሏት ትበላ ነበር፤ አንድም ነገር አልጎደለባትም። ትምህርት ቤትም ለመምህርቷ ነገርኩ፤ ልጆቹ ዳቦ ሲያካፍሏት ራሷ "የኔ አንጀት ይህን አይወድም" ትላቸዋለች። አንድ ቀን "እማዬ፣ ቀሚሴ ጠበበኝ" ስትለኝ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ልጇ ቀሚስ ጠበበኝ ስላለቻት የምታለቅስ እናት ያለሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ወንድይፍራው፦ እኔስ ደስ ሳይለኝ ቀርቶ ነው? ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን አንቺም ታያለሽ። ስንዴ ሳትቀምስ መልሶ ያዛት። ስለዚህ ነገሩ የእህል አይደለም ማለት ነው። እትዬ አሰገደች የምትለው...

ትርሲት፦ ምን ትላለች?

ወንድይፍራው፦ ተይው።

ትርሲት፦ በል እንጂ። ቤቴ መጥታ ከምትነግረኝ ካንተ ልስማው።

ወንድይፍራው፦ ወንድሟ እየጠራት ነው አለች።

ትርሲት፦ አምሳሉ?

ወንድይፍራው፦ ሌላ ወንድም አላት?

ትርሲት፦ ልጄ ማንንም አይጠራም። ሞቶ እንኳ ሰው አያስቸግርም። ታሞ በተኛበት ውሃ ሲጠማው "ካልደከመሽ" ብሎ የሚጠይቀኝ ልጅ ነው የቀበርኩት።

ወንድይፍራው፦ አንቺ ስላልሰማሽ ነው።

ትርሲት፦ አንተ ሰምተሃል?

ወንድይፍራው፦ እስቲ ውጭ ያሉት ሰዎች ውሃ ይፈልጉ እንደሆን ልይ።

ትርሲት፦ ተቀመጥ። ውሃ አድዬ ነው የገባሁት። ምንድን ነው የሰማኸው?

ወንድይፍራው፦ ከኋላ ያለው የጤፉ ወፍጮ ይዞራል።

ትርሲት፦ ሞተሩ የተቃጠለው? ዘግተህ የቆለፍከው?

ወንድይፍራው፦ እሱ። መብራት ሲጠፋና ይኼኛው ጸጥ ሲል ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ ቀስ ይላል፣ ከዚያ ሞቅ ይላል። ቆይቶ ደግሞ አምሳሉ ያስላል። ያችን ደረቅ ሳሉን ታውቂያት የለ? እሷን። እዚህ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ግድግዳውን ሳይ እውላለሁ።

ትርሲት፦ አሁንም ይሰማሃል?

ወንድይፍራው፦ አንቺ ስታወሪ አይሰማም።

ትርሲት፦ እንግዲያው ዝም አልልም። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ትናንት የማኅደርን ዱቄት ስነፋ ነጣ አለብኝ። የሰጠሁህ ቀይ ጤፍ ነው፤ ፍሬ ፍሬውን ለቅሜ፣ ከውስጡ አንዲት ገብስ ሳላስቀር። ወንፊቱ ላይ ደግሞ ገለባ የመሰለ ነገር ቀረ። ጤፍ መቼ ነው እንዲያ ያለ ገለባ የኖረው?

ወንድይፍራው፦ ከጆንያው ይሆናል።

ትርሲት፦ ጆንያውን አጥቤ ነው የሰጠሁህ። ያኔ ስትድን ዱቄቷ ከየት ነበር የሚመጣው?

ወንድይፍራው፦ ከእህትሽ ዘንድ፣ ከደብረ ብርሃን። ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ አለ ብላ ነበር፤ አሁን እሱም ያመጡለትን ሁሉ ይፈጫል። ደግሞስ የራሱ ወፍጮ ያለው ሰው ዱቄት በመኪና ሲያስጭን ከተማው ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ወንድይፍራው የገዛ ድንጋዩን አላመነውም አሉ። ጠላ ቤት ስገባ ወሬ ያቆሙ ነበር።

ትርሲት፦ ከዚያ አንተው መፍጨት ጀመርክ።

ወንድይፍራው፦ ጀመርኩ። ለልጄ ብፈጭ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

ትርሲት፦ መቼ ነው የምትፈጭላት? ከሰልፈኛው በፊት ነው በኋላ?

ወንድይፍራው፦ የቤቴን እህል ከሰው እህል አስቀድሜ አውቃለሁ እንዴ? አባቴም አላደረገው። ሰው ከሩቅ ተሸክሞ መጥቶ ቆሞ እያየኝ የራሴን አልዘረግፍም። የባለወፍጮ እህል መጨረሻ ነው የሚገባው። ይህ አገር የሚያከብረኝ ለዚህ ነው።

ትርሲት፦ ከሷ በፊት የሚገባው ምንድን ነው?

ወንድይፍራው፦ የመጣው ነዋ። ያው ያገራችን እህል...

ትርሲት፦ ጨርሰው።

ወንድይፍራው፦ ገብስ። ስንዴ። ድንጋዩን እጠርገዋለሁ እኮ።

ትርሲት፦ ወንድይፍራው፣ ሙያው ያንተ ነው። ድንጋይ በመጥረጊያ ይጠራል? እኔ ምን አውቃለሁ፣ ንገረኝ።

ወንድይፍራው፦ አይጠራም። ጥርሱ ውስጥ ይቀራል። መጀመሪያ የሚወርደው ዱቄት ሁልጊዜ የቀደመውን እህል ይዞ ነው።

ትርሲት፦ መጀመሪያ የሚወርደው ነው የሷ እንጀራ። የሷ እኮ ትንሽ ናት፤ ከመጀመሪያው ሌላ የላትም።

ወንድይፍራው፦ እኔ ነኝ ያሳመምኳት በይኛ።

ትርሲት፦ ያሳመማት ጨዋነትህ ነው። ሰው የማታከብር ስግብግብ ብትሆን ኖሮ ልጄ ዛሬ ገመድ ትዘል ነበር።

ወንድይፍራው፦ በቃሽ።

ትርሲት፦ አልበቃኝም። ነገ እህትህ ወስዳ በማንኪያ የምትሰጣትን አንተ በብናኝ ስትሰጣት ነው የከረምከው። እዚያ ከሄደች አትመለስም። ይህን አንተም ልብህ ያውቀዋል።

ወንድይፍራው፦ ታዲያ ምን ላድርግ? ወፍጮው ይኸው አንድ ነው። ለሷ ስል ገብስ የያዘውን ሁሉ ከደጄ ልመልስ? ሸኖ ላይ ገብስ አልፈጭም ያለ ባለወፍጮ ምን ሊፈጭ ነው?

ትርሲት፦ የኋላውን እናሠራው። ያ ድንጋይ ከተተከለ ጀምሮ ከጤፍ በቀር ነክቶት የማያውቅ ነው፣ ግንብም ይለየዋል። ሞተር የሚጠግን ሰው ከአዲስ አበባ እናስመጣ።

ወንድይፍራው፦ አይሆንም።

ትርሲት፦ ሳይታይ?

ወንድይፍራው፦ አይሆንም አልኩሽ። ክፍሉ አይከፈትም። አንቺ እኮ የምነግርሽ ነገር አልገባሽም። በዚህ እጄ ነው ያጠፋሁት። ማብሪያ ማጥፊያውን ወደ ታች ስቤ፣ ገመዱን ከግድግዳው ነቅዬ ነው የወጣሁት። ታዲያ በምን ይዞራል? ማን ነው የሚያዞረው?

ትርሲት፦ ምን አልክ አሁን?

ወንድይፍራው፦ ምን አልኩ?

ትርሲት፦ ተቃጠለ ነበር ያልከኝ። እኔም ለሰው ሁሉ ተቃጠለ እያልኩ ነው የኖርኩት። የተቃጠለን ሞተር ማን ያጠፋዋል?

ወንድይፍራው፦ አልተቃጠለም።

ትርሲት፦ ደህና ወፍጮ ነው የቆለፍከው?

ወንድይፍራው፦ አዲስ ነው እንጂ። እንደ ተውኩት ነው።

ትርሲት፦ ልጅቷ እዚህ ስታልቅ፣ ከግድግዳው ማዶ...

ወንድይፍራው፦ አንቺ የዚያን ቀን አልነበርሽም። ቤት ነበርሽ። አምሳሉ እዚያ ጆንያው ላይ ጋደም ብሎ ነበር፤ ይሞቀኛል ይል የለ? "አባዬ፣ አጥፋውና ቤት ውሰደኝ፣ ሆዴን አሞኛል" አለኝ። አንዲት ሴትዮ ከሩቅ መጥታ ጤፏ ግማሽ ደርሶ ነበር። "ይህችን ልጨርስላትና" አልኩት። እሺ አለኝ። እሺ ነው ያለኝ ትርሲት፣ አላለቀሰም። ስፈጭ የሚያስል መሰለኝ፣ ግን ወፍጮው ይጮኻል። ጨርሼ ሳጠፋው ነው ጸጥታውን የሰማሁት። ሴትዮዋ ዱቄቷን ተሸክማ "እግዜር ይስጥልኝ" ብላኝ ሄደች።

ትርሲት፦ ቤት ካመጣሁት በኋላ ነው የሞተው ብለኸኝ ነበር።

ወንድይፍራው፦ ታቅፌው መጣሁ። አልጋው ላይ አስተኛሁት። ምን ልበልሽ ነበር? ስደቢኝ እሺ። ዝም አትበይ፤ ዝም ስትይ ይሰማኛል።

ትርሲት፦ የዚያን ቀን ጠዋት አልበላም ሲለኝ የስንዴ ቂጣ በግድ አጉርሼው ነበር። "ብላ፣ ጉልበት ይሆንሃል" ብዬ። እንዳይተፋው አፉን በመዳፌ ይዤ። ሐኪሙ በሽታው በዘር ይሄዳል፣ ወንድም ወይ እህት አላት ወይ ሲለን አንተ ወለሉን አየህ። እኔ የላትም አልኩ። ልጄን የለም አልኩት። ከዚያ ወዲህ እጄን ስታጠብ መዳፌ ላይ ትንፋሹ ይሰማኛል። አንተ ሳሉን፣ እኔ ትንፋሹን ይዘን አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው።

ወንድይፍራው፦ አላወቅንም ነበር እኮ።

ትርሲት፦ አላወቅንም። እሱን እግዜርም አይጠይቀንም። አሁን ግን አውቀናል። አውቀን ብንገድላት ምን ልንል ነው?

ወንድይፍራው፦ ብከፍተውና ቢያስልስ?

ትርሲት፦ ያስል። እንዲያስል ነው የምፈልገው። አንተ መብራት በጠፋ ቁጥር ልጅህን ትሰማዋለህ፤ እኔ ከቀበርኩት ወዲህ በሕልሜ እንኳ መጥቶልኝ አያውቅም። ካሳለ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። ናፍቆኛል። ብቻህን አትገባም፣ አብሬህ ነው የምገባው።

ወንድይፍራው፦ ጆንያው እንኳ እንዳለ ነው። የተኛበት።

ትርሲት፦ እኔ አነሣዋለሁ። አንተ አትየው።

ወንድይፍራው፦ ቁልፉ ይኸው ትርሲት።

ትርሲት፦ አንተ ክፈተው፣ አጠገብህ ነኝ።

ወንድይፍራው፦ መብራት መጣ።

ትርሲት፦ አይቻለሁ። ሰዎቹም ተነሥተዋል።

ወንድይፍራው፦ እየጠሩኝ ነው።

ትርሲት፦ የፊተኛዋ ሕፃን አዝላለች። ስንዴ ነው የያዘችው። ከሌሊት ተነሥታ የመጣች ናት።

ወንድይፍራው፦ ከሩቅ ነው የመጣችው ማለት ነው።

ትርሲት፦ አዎ። ከሩቅ ነው የመጣችው።

ወንድይፍራው፦ የማኅደር ጤፍ የታለ?

ትርሲት፦ ይኸው፣ እጄ ላይ ነው።

ወንድይፍራው፦ ውጭ ያላችሁ፣ አንቺም እናቴ ሕፃን የያዝሽው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የኋላውን ወፍጮ እስክከፍት ትጠብቁኛላችሁ። ዛሬ የልጄ ይቀድማል።