ከእሳት የወጣው ባሌስትራ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በምትሄደው ማኪና ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ይጨዋወታሉ፤ አንዱ ወጣት ነጋዴ፣ ሌላው በጣልያን ጊዜ ማኪና ይጠግኑ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው።

«አያ፣ ከተቃጠለች ካሚዮን ከሥር ጭነት የሚሸከመውን ብረት፣ ባሌስትራውን ፈትቼ ለሾፌሩ ወንድሜ ሰጠሁት። ሸጋ ነው፤ አልተሰነጠቀ፣ አልተጣመመ።»

«እሳቱ ምን ያህል በላት?»

«እንጨቷ ሁሉ አመድ እስኪሆን።»

«ባሌስትራውስ ምን መሰለ?»

«ገርጥቶ ነበር። ጥቁር ቀለም ብቀባው አዲስ መሰለ!»

«ሬሳ መኳል ይሉሃል ይህ ነው።»

«ምነው አያ? ማረሻስ እሳት ገብቶ አይደል የሚጠነክር?»

«ማረሻን ቀጥቃጩ ከእሳት አውጥቶ ውሃ ይነክረዋል። ያንተን ማን ነከረው?»

«ማንም። በራሱ በረደ።»

«እንግዲያ ብረቱ ልሟል፤ ጥንካሬው ጠፍቷል። ጭነት ሲከብደው ይተኛል፤ ቁልቁለት ላይ ማኪናዋን ይጥላታል። እንዳትገጥሙት።»

«ተገጥሟል እኮ።»

«ወንድምህ የት ነው?»

«እህል ጭኖ ጠዋት ቀድሞን ወጣ። ከደባርቅ ወዲያ የሊማሊሞን ቁልቁለት ይወርዳል።»

«ደባርቅ ያድራል?»

«ምሳ በልቶ ያልፋል።»

ወጣቱ ይህን እንዳለ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ሾፌር! በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ትንሽ ፍጠን!»

ደባርቅ እስክንገባ እኔም አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ከፊታችን የሚነሣ የማኪና አቧራ ስፈልግ ነበር።