አለቃ የሌለው ማኅበራችንና ሦስቱ ስልኮች

ነይ የትናየትዬ፣ እዚህ ከጎኔ ተቀመጪ፤ ድንጋዩን ፀሐይ መቶታል፣ አይቀዘቅዝሽም። እናትሽ እግራቸው ተሻላቸው? ተመስገን። ከብልባላ በእግርሽ ነው የመጣሽው? አይ ጉልበት! እኔ ከታች ከሱቄ እዚህ ጉብታ ላይ ለመድረስ ሦስቴ አረፍኩ። ሦስቱንም ጊዜ ሰው እንዳይስቅብኝ ጫማዬን የማስር መስዬ ነው ያጎነበስኩት። እስቲ እግሬን እይው… ማሰሪያ የሌለው ነጠላ ጫማ!

ማሩንማ ዘንድሮ አትጠይቂኝ። ንቦቼ ጉድ ሠሩኝ። ተስማምተው ሲሠሩ ከርመው፣ አንድ ቀን ጧት ብወጣ ግማሾቹ ቀፎውን ጥለው ዛፍ ላይ ተንጠልጥለዋል። ሁለተኛ አውራ ተነሥቶባቸው ነዋ። ከሥር ቆሜ "ኧረ ተመካከሩ" ብላቸው አንዷ እዚህ ቅንድቤ ላይ ነደፈችኝ። አየሽው እብጠቱን? ሰው ሁሉ ባልሽ ነው ወይ የመታሽ ይለኛል። ባሌ ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ፤ ከዚያ ዓለም እዚህ ድረስ እጁ የሚደርስ ባል አላገባሁም።

ስልክሽን ይዘሻል? ወረቀቱንም? … እህ። ደግ። ገና ነው፤ ድምፅ መስጫው የሚዘጋው ስድስት ሰዓት ላይ ነው፣ ሩብ ሰዓት ይቀረዋል። እስከዚያ እንጫወት።

ድምፄን ዝቅ ላድርግ? ለምን ብዬ? ስለ አንድ ስለማውቃቸው ሰው ላወራሽ ነው እንጂ፣ እዚህ ስላለ ሰው መች አወራሁ? እዚያ ማዶ ድንጋይ ላይ የተቀመጡት ጌታዬም ቢሆኑ ሥራ ላይ ናቸው። ሦስት ስልክ ባንድ ጊዜ መነካካት ቀላል መሰለሽ?

እኔ ግን እንዴት ያለሁ ሞኝ ነኝ! ስኳር በተጠቀለለበት ጋዜጣ ፊደል የቆጠርኩ፣ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ ሳላነብ የማልጥል ሴት። ይህ ዲጂታል ገንዘብ የሚሉት ነገር በቱሪስቶቹ በኩል ወደኛ ሲመጣ፣ ሌላው ስልኩ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ሲያይ፣ እኔ አረጋ አስጎብኚው ወደ አማርኛ የመለሰልንን ደንብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው ያነበብኩት። ባንክ የለውም፣ ባለቤት የለውም፣ አለቃ የለውም፤ ዓለም ላይ ያለ አባል ሁሉ እኩል ነው ይላል። ዐይኔ እንባ አቀረረ። በዚህ ዕድሜዬ ሰብሳቢ የሌለበት ስብሰባ የት አይቼ!

አምስት ሆነን ማኅበር ስናቋቁም ትዝ ይልሻል? አንቺ፣ እኔ፣ አያ ደርበው፣ አረጋ፣ እና… አምስተኛው ሰው። ቀበሌው አንድ ለአምስት ብሎ ሲያደራጀን ስለኖረ፣ እኛ ደግሞ "አንዱ" ይቅርብን፣ "አምስቱ" ብቻ ይበቃናል አልን። ከእንግዳ ከምናገኘው ለጋራ ሣጥናችን እያዋጣን ለብልባላ ልጆች መጻሕፍት ልንገዛ። ያ ሣጥን እጅ የማይገባበት፣ ስልክ ውስጥ ያለ ሣጥን ነው። ለትንሽ ትንሹ ነገር ሦስት ድምፅ ይበቃል፤ ሣጥኑን ለመክፈትና ደንብ ለመለወጥ ግን አራት። ለየራሳችን አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት የምስጢር ቃል ተሰጠን። ቃሎቹን የያዘ ሰው በፈለገው ስልክ ላይ አንቺን ሆኖ ይናገራል፣ አንቺን ሆኖ ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ ለባል አይታዩም፣ ለንስሐ አባት አይታዩም። ይህን ለናንተ ያስረዳችሁ ማን ነበረች? እኔ! ጣቴን ቀስሬ! አያ ደርበውንማ ሦስት ጊዜ ነው ያስደገምኳቸው።

ያ አምስተኛው ሰው ደግሞ እንዴት ያለ ትሑት ነበር መሰለሽ! በመጀመሪያው ቀን "እኛ አለቃ የለንም" ብሎ በትልቁ ጽፎ ግድግዳ ላይ የለጠፈው እሱ አይደል? በወሩ ጽሑፉን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል ብሎ አስተባባሪ ሆነ። ቀጥሎ ዋና አስተባባሪ። እኔም ያኔ "አንተ" ማለቴን ትቼ "እርስዎ" ማለት ጀመርኩ። ማንም አላስገደደኝም፤ ምላሴ በራሱ ጊዜ ነው። ጉልበቴማ ከምላሴም ቀድሟል፤ የቀበሌ ሊቀመንበር ባለፈ ቁጥር ስነሣ ሃያ ዓመት ሆኖኛል። አለቃ የለም በተባልኩበት ቦታ እንኳ የምነሣለት ሰው ፈልጌ አገኘሁ። ይህ የኔ ጥፋት ነው እንጂ የሳቸው ነው?

ደግነታቸውስ! ባለፈው ክረምት ኔትወርኩ ጠፍቶ ከዚህ ጉብታ በቀር የትም አልገባ ሲል፣ ቤታቸው እዚሁ ጥግ ነውና፣ "በዝናብ አትንገላቱ፣ ቃሎቻችሁን ስጡኝና እኔ ድምፃችሁን ላድርስላችሁ" አሉን። እስቲ እንዲህ ለሰው የሚጨነቅ ማን አለ? አያ ደርበው ዐይናቸው ደክሟል፣ ሰጡ። እኔ ግን አያለሁ… ማለቴ በመነጽር። እሳቸው ሱቄ ድረስ መጥተው፣ ማሩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ "እትዬ ይማርሽ፣ በላስታ ምድር እንደ እርስዎ ያነበበ ሰው የለም" ሲሉኝ መነጽሬ ጉም ለበሰ። ምስጋና ሲሰማ እንዲያ ያደርገዋል። የቃሎቼን ወረቀት በፖስታ አሽጌ፣ በፖስታው ላይ "ምስጢር፤ ለማንም እንዳይታይ" ብዬ በቆንጆ ጽሕፈቴ ጽፌ አስረከብኳቸው። ሳቂ፣ ሳቂ! እኔም ብቻዬን ስሆን እስቃለሁ።

አባቴ ይህን ቢሰሙ! አንቺ አልደረስሽባቸውም፤ የደብራችን የዕቃ ቤት ቁልፍ ያዥ ነበሩ። ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ ነበረው፤ በሦስት ሰው እጅ። ሦስቱ ባንድነት ካልቆሙ አይከፈትም። አንድ ዓመት ለጥምቀት አባቴ በትኩሳት ወድቀው፣ ሰዎቹ መጥተው "ቁልፉን ይስጡንና እኛ እንክፈት፣ እርስዎ ይረፉ" ቢሏቸው፣ "አሸክሙኝ" አሉ። በቃሬዛ ሄደው፣ በገዛ እጃቸው ከፍተው፣ ዘግተው፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አስረው በቃሬዛው ተመለሱ። አላመኑንም ብሎ የተቀየመ ሰው አልነበረም። እኔ ልጃቸው ግን "አላመነችኝም" እንዳይሉኝ ብዬ… ለይሉኝታ ብዬ… ያን ቀን እኮ ዝናብም አልነበረም፣ የትናየት።

ከዚያ ወዲህ ማኅበራችን እንዴት አማረበት! ክርክር የለ፣ ኩርፊያ የለ። ከአምስት ሦስቱ ሁልጊዜ ይስማማል። ቃለ ጉባኤው "በሰፊው ከተወያየን በኋላ" ይላል። ምን ውሸት አለው? ሦስት ስልክ አንድ ኪስ ውስጥ ከዋለ ከዚህ በላይ ምን ይቀራረባል? አንድ ቀን ማር ሳጣራ ስልኬ ጮኸና ባየው፣ "እትዬ ይማርሽ ሐሳቡን በሙሉ ልብ ደግፈዋል" ይላል። በሙሉ ልብ! እጄ እስከ ክርኔ ማር ውስጥ ነበር። እምቢ ያለ አረጋ ብቻ ነው። ለሱም ግምገማ ተቀመጡለት። "አፍራሽ ነው፣ ለማኅበሩ ዕድገት እንቅፋት ነው" ብዬ ሂስ ያወረድኩበት እኔ ነኝ አሉ… በሌለሁበት። ሳነበው እንዴት ያማረ ንግግር መሰለሽ፣ ራሴን አደነቅሁት! አረጋ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም።

የዛሬውስ ሐሳብ ቢሆን ምን ይወጣለታል? "ሣጥኑን ለመክፈት አራት ሰው ማንገላታት ቀርቶ፣ ቋሚ ዋና አስተባባሪው ብቻቸውን ይክፈቱት" ነው የሚለው። እኛኑ ለማሳረፍ እኮ ነው። ከእንግዲህ አንሰበሰብ፣ አንጠየቅ፣ የልጆቹ መጻሕፍት የት ደረሱ ብለን እንቅልፍ አናጣ። ሦስቱ ድምፅ ከወዲሁ ተገኝቷል። የአረጋ አይገኝም። አራተኛው እንግዲህ… እኔ ምን አውቃለሁ። አንዲት ሴት ከብልባላ በእግሯ ይዛላቸው ትመጣለች ሲሉ ሰምቻለሁ። ሴትዮዋን አላውቃትም። እንዲህ የምታደርግ ሞኝ የማውቀው አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ቅንድቧ አብጦ አጠገብሽ ተቀምጣለች።

አንቺን አልመክርሽም። ምክሬ ምን ያህል እንደሚሠራ በፖስታው አይተሽዋል። ደግሞስ እኔ ምን ቀረኝ? አዲስ ቃል ይሰጠኝ ብዬ ባመለክት፣ እሱም እንደ ደንብ ለውጥ ስለሚቆጠር አራት ድምፅ ያስፈልጋል። እሳቸው ከያዙት ሦስት ድምፅ አንዱ የኔው የራሴ ነው፤ እሱም በሙሉ ልብ ይቃወመኛል።

እ? ወረቀቱን ወደ ጉያሽ መለስሽው? … ደግ አደረግሽ፣ ነፋስ አለ። ስልክሽንም አጠፋሽው? ባትሪ መቆጠብ ጥሩ ነው፣ መንገድሽ ሩቅ ነው።

ይኸው፣ እዚያ ማዶ የነበሩት ወደኛ እየመጡ ነው። አየሽልኝ ጉልበቴን? ይህን ሁሉ አውርቼ እንኳ ተነሣ! ይቀመጡ፣ ይቀመጡ ጌታዬ፤ እኛ ስለ ሌላ ሰው ነው የምንጫወተው። ምን አሉ? ስድስት ሰዓት አለፈ? አወይ! ሦስት ድምፅ ብቻ ሆኖ ተዘጋ? ምን ይደረጋል፣ ጨዋታው ይዞን ነው።

ብቻ ያን የነገርኩሽን ሰው፣ የትናየትዬ፣ አምተናቸው ብንለያይ ነውር ነው፤ እንመርቃቸው። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ቤታቸውን ይሙላው፣ ልጆቻቸውን ለቁም ነገር ያብቃላቸው። እንደ አያ ደርበው ሸምግለው፣ ዐይናቸው ሲደክም፣ ይህ ዳገት ሲያቅታቸው፣ ያላቸውን ሁሉ በአደራ የሚያስረክቡት ሰው አያሳጣቸው… ሌላ ሰው አይደለም፣ ልክ እንደ ራሳቸው ያለ፣ በጠባዩ ከሳቸው ምንም የማይለይ፣ ያው የሳቸው ዓይነት ታማኝ ሰው ይስጣቸው። አሜን በይ የትናየት።

እርስዎም አሜን ይበሉ እንጂ።