የአንደኛ ክፍል የዓርብ ሂስ

“ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ፣ አያ አራጋው? ይኸ የሰሞኑ ብርድ ለጉልበት አይሆንም። ገነተ ማርያም በኩልማ ውርጩ ባቄላውን ፈጀው አሉ...”

አልጣሽ ይህን ያለችው ሰኞ ጠዋት፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አያ አራጋው ደወል የተደረገውን የመኪና ቸርኬ እየመቱ ሳለ ነው። የቆመችው አንደኛ ክፍል መስኮት ሥር ነበር። መምህር ደርበው ውስጥ ሆኖ የሳምንቱን ፊደላት ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ድምፅዋን ሲሰማ ጠመኔው እጁ ላይ ቀረ።

ምክንያት ነበረው። ጊዜው ሂስና ግለ ሂስ ትልቅ ትንሽ ሳይል ለሁሉ የተዳረሰበት ነው። ደርበውም ዓርብ ዓርብ የሳምንቱ ትምህርት ሲያልቅ የሰባት ዓመት ልጆቹን አንድ በአንድ እያስነሣ ጥፋታቸውን ያናግርና በጠባይ መዝገቡ ላይ ያሰፍር ነበር። ከአሥር ቀን በፊት ተራው የአልጣሽ ልጅ የብርቅዬ ሆነ። ልጅቱ የምትናገረው ጥፋት አጣች።

“አስቢ!” አላት። አለቀሰች።

“የራስሽ ከሌለ የቤትሽን ተናገሪ።”

ያን ጊዜ አባቷ ከፋለ ከገበሬ ማኅበር የታደለውን የመፈክር ወረቀት የመስኮት መወተፊያ እንዳደረገው ተናገረች። ደርበው ለድፍረቷ አስጨበጨበላት፤ ቃሏንም መዘገበ። መዝገቡን በየሳምንቱ የማኅበሩ ሊቀመንበር ያየው ነበር። ደርበው ነገሩ እዚህ ይደርሳል ብሎ አላሰበም፤ ወይም እንዳላሰበ ለራሱ ሲነግር ሰነበተ። ከፋለ በማግስቱ ተይዞ፣ ሳምንት ታስሮ፣ ውስጥ እግሩን ተገርፎ ትናንት መፈታቱ ነው።

“ልጄን ላደርስ ነው የመጣሁ” አለች አልጣሽ ለአያ አራጋው፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። “የኛ ልጆች እኮ ዕድለኞች ናቸው። ለሰው ልጅ እንቅልፍ አጥቶ የሚያድር ሰው አላቸው... ስም አልጠራም፤ ደግ ሰው ስሙ በየአጥሩ ሥር ሲነሣ ደስ አይለው። ጽሑፉንስ አይተውለታል? እንደ ዶቃ የተሰካ! ሊቀመንበራችን ፊደል የቆጠሩት አምና ክረምት አይደል? ያንን ገጽ ግን አንዴም ሳይደናቀፉ አነበቡት አሉ። ጽሑፍ ማለት እንዲህ ነው እንጂ! የከፋለም ስም በዘመኑ እንደዚያ አምሮ ተጽፎ አያውቅ...”

ደርበው ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደ። ‘ምን ለማለት ነው?’ ሊላት ነበር። ግን ስሙን ማን ጠራውና? ወጥቶ አንድ ቃል ቢተነፍስ፣ ‘ያ ሰው እኔ ነኝ’ ማለቱ ነው፤ ያውም አርባ ልጅ እያየ። ቆመ። በመስኮቱ ሲያይ ብርቅዬ የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ መሬት መሬት ታያለች።

“የነፍስ አባታችንን አባ ወልደ ሩፋኤልን ግን ታዘብኋቸው፣ አያ አራጋው። ስንት ዘመን ተናዘዝንላቸው! ሰምተው ዝም። እንዲህ በቀለም አሳምረው ለሚመለከተው ክፍል የሚያደርሱልን መች ሆነው? ምን ያድርጉ፣ ዘመናዊ አልተማሩ...

“ቤታችንስ እንዴት ጨዋ ሆነ መሰለዎ! ያ ጨዋታ ወዳዱ ከፋለ፣ ልጁ ስትገባ ጸጥ ነው። ትናንት ‘አባባ፣ እግርህን ምን ነካህ?’ አለችው። ‘ምንም፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ማንንም አልወቅስ’ አላት። ለገዛ ልጁ! ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ተረት ያወራላት ለነበረች! እሷም የገባት መሰለኝ፤ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ነው የምትተኛ። እኔ ሰባት ዓመት ለፍቼ ይችን ለፍላፊ ዝም ላሰኛት አልቻልሁም ነበር። እዚህ በአንድ ዓርብ ጠባይ ያዘችልኝ። እግዜር ይስጥልኝ ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?”

አያ አራጋው ቸርኬውን ትተው ባርኔጣቸውን እጃቸው ላይ ያዞሩ ጀመር። ብርቅዬ ወደ ክፍሏ ገባች፤ በደርበው አጠገብ ስታልፍ ቀና ብላ አላየችውም።

በዚያ ሳምንት ዓርብ ደርበው ልጆቹን ቀደም አድርጎ ወደ ቤታቸው ሰደዳቸው። መዝገቡ ላይ ‘ሂስ አልቀረበም’ ብሎ ጻፈ። ሊቀመንበሩ ጠርቶ ቢቆጣውም፣ ከዚያ ወዲያ ከዚህ ሌላ አልጻፈም። ይህን ያስደረገው ሌላው ሁሉ አይደለም፤ አልጣሽ በዚያ ሰኞ ነጠላዋን አጣፍታ ልትሄድ ስትል መለስ ብላ ያለችው ነው።

“ለመሆኑ የዚያ የደጉ ሰው ባለቤት ከብዳለች የሚሉት እውነት ነው? እሰይ! እሰይ! እመ ብርሃን በሰላም ትገላግላት። አንደበቱ ቶሎ የሚፈታ፣ ከቤት የሰማውን የማይረሳ ልጅ ላሊበላ ይስጠው። ለፊደል ሲደርስለትም... ልክ እንደ አባቱ ያለ አስተማሪ ይግጠመው። አሜን ይበሉ እንጂ፣ አያ አራጋው!”