የግራዝማች ገብረ ሊባኖስ ጂፕና የእሑዱ መሐላ

በንጉሡ ዘመን፣ መኪና ወደ ሰቆጣ ብቅ ማለቱ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ማክሰኞ ግራዝማች ገብረ ሊባኖስ አሮጌ ጂፓቸውን ገብስ አስጭነው ከኮረም ወደ ሰቆጣ ይመለሱ ነበር። ከሾፌራቸው ከካሳ ጎን ተቀምጠዋል፤ ግን አያነጋግሩትም። ካሳም ዓይኑን ከመንገዱ አያነሳም። በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሞ «የግራዝማችን ቤንዚን ሰርቄ አልሸጥሁም» ብሎ እንዲምል ቀን ተቆርጦበታል።

ምሎ ቢገላገልስ የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እንዲህ የሚል ሰው የዋግን አገር አያውቅም። እዚያ በስርቆት ተጠርጥሮ የማለ ሰው እውነቱን ቢሆንም ስሙ ተነክቷል። የካሳ እጮኛ የጥሩሐረግ አባት መሪጌታ አሥራተ ማርያምም ልጃቸውን በደጃፍ ለማለ ሰው እንደማይሰጡ በሽማግሌ አፍ ልከው አስታውቀዋል።

የግራዝማች ጥርጣሬ እንዲህ ነው። ጂፑን ከመንገድ ሥራ ሰዎች አሮጌውን ገዝተው ባመጡት ሰሞን ቤንዚን ቆጣቢ ነበር። እያደር ግን ይሄ ሁሉ ቤንዚን የት ገባ እስኪባል ድረስ ኮረም ደርሶ ለመመለስ ጀሪካን በጀሪካን ላይ ይጨመርለት ጀመር። ቤንዚን መቼም እግር አውጥቶ አይሄድም። የቤንዚን ማጠራቀሚያው ክዳን ቁልፍ ደግሞ ያለው ካሳ ኪስ ውስጥ ነው። ግራዝማች ከዚህ በላይ ማሰብ አላስፈለጋቸውም።

ትልቁ ዳገት ላይ ሲደርሱ ጂፑ እንደ ልማዱ ተንተባተበ፣ ጥቁር ጭሱን ተፋና ቀጥ አለ። ግራዝማች በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ነገር አጉረምርመው ወረዱ። በዚያው ቅጽበት ጃንጥላውን ይዞ ከቁልቁለቱ ብቅ ያለው ምንዋጋው ነበር፤ የጎረቤታቸው የወይዘሮ ወለተ ሰንበት ልጅ። አዲስ አበባ የእጅ ሥራ ትምህርት ተምሮ ሰቆጣ ያስተምራል። የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ስለሆነ እኅቱን ጠይቆ በእግሩ እየተመለሰ ነው። ባርኔጣውን አንስቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ግራዝማች የተማረ ሰው አይጠሉም፤ ብቻ የተማረ ሰው ጥያቄ ያበዛል ብለው ያምናሉ። በዚህስ አልተሳሳቱም።

«ካላስቸገርሁዎ ግራዝማች፣ ይህ ጥቁር ጭስ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ቤንዚኑ መጥፋት ከጀመረ ወዲህ።»

«መንተባተቡስ?»

«እሱም እንዲሁ። ልጄ፣ ችግሩ ከሞተሩ አይደለም፣ ከሰው ነው» አሉና በአገጫቸው ወደ ካሳ አመለከቱ።

ምንዋጋው የእሑዱን ነገር ሰምቶ ነበር። «ይፍቀዱልኝና ልከራከርዎ» አለ ቀስ ብሎ። «ሌባ ቤንዚን ቢቀዳ ማጠራቀሚያው ይጎድላል እንጂ የቀረው ቤንዚን አይለወጥም። እስኪያልቅ ድረስ ሞተሩ ደህና መሄድ ነበረበት። ኮረም የተሸጠ ቤንዚን እዚህ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ሆኖ አይወጣም። ጭሱ የሚነግረን ቤንዚኑ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ በወጉ ሳይነድ መውጣቱን ነው።»

ግራዝማች በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። አገር ሲያሟግቱ የኖሩ ናቸው። ሰርቆ ሲያበቃ እንዳይታወቅበት ውሃ ሞልቶበትስ እንደሆነ ሲሉ ጠየቁት። ምንዋጋው ጥያቄው የብልህ ጥያቄ መሆኑን ተናግሮ ከማጠራቀሚያው ሥር ጥቂት ቤንዚን በጠርሙስ ቀዳ። ውሃ ካለበት ከታች ይዘቅጣል፣ ለብቻው ተለይቶ ይታያል አለ። ሦስቱም ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስተው ተመለከቱ፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው። ቀጥሎ ካሳ አንዱን ካንዴላ ፈታ። የእሳት ብልጭታ የሚሰጠው ጫፍ በጥላሸት ተለብጧል።

«ሞተር እንደ ምድጃ ነው፣ ግራዝማች። አየር ያጣ ምድጃ እንጨቱን ይፈጃል፣ ቤቱን በጭስ ይሞላል፣ ድስቱ ግን አይፈላም። ይህ ሞተር አየር አጥሮታል። በየት እንደሚተነፍስ እንይ።»

ኮፈኑ ውስጥ ጎንበስ ሲል አየር በሚገባበት አፍ ላይ በገመድ የተጠፈነገ፣ በአቧራና በዘይት የጠጠረ የጋቢ ቁራጭ አየ። እጁን ሲሰድ ግራዝማች «እሱን አትንካ» አሉ። ድምፃቸው ተለውጦ ነበር።

ጨርቁን ያሰሩት ራሳቸው ናቸው። በአገሩ መልካም ነገር ፊቱ ይሸፈናል፤ ወተት የሞላው ቅልም፣ የሰባው ጥጃም፣ ሙሽራይቱም። ጂፑ የመጣ ዕለት ሰቆጣ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ሆዱ ድረስ ሲያየው ግራዝማች ክፉ ዓይን እንዳይበላው ፈሩ። የሚተነፍስበትን ጠይቀው ከገዛ ጋቢያቸው ቀድደው አለበሱት። የመንገዱንም አቧራ ይከለክላል ብለው አሰቡ። ጨርቁ ሲቆሽሽ ዓይን አርፎበታል በማለት አይፈቱትም፤ በየጊዜው ሌላ ይደርቡበታል እንጂ።

ምንዋጋው አልሳቀም። ይህ ያስመሰግነዋል፤ ብዙ የተማሩ ሰዎች ልክ እዚህ ላይ ስቀው ነገሩን ሁሉ ያበላሻሉ። «ስለ ዓይን አልሟገትዎትም፣ እሱን ለአበው ልተወው» አለ። «ነገር ግን ግራዝማች፣ ሕፃን ስንሸፍን እንኳ መተንፈሻ እንተውለታለን።»

«አቧራውስ?»

«ለአቧራው ሠሪዎቹ አስበውበታል። ውስጡ ዘይት ያለበት ፊልትሮ አለው፤ አቧራው ዘይቱ ላይ ይቀራል። የእኛ ሥራ እሱን በየጊዜው ማጠብና ዘይቱን መለወጥ ነው። መሸፈንን ካወቅንበት ማጠብን አንችልም?»

ግራዝማች ራሳቸው ገመዱን ፈቱ። ካሳ ካንዴላዎቹን ጠርጎ፣ ፊልትሮውን በቤንዚን አጥቦ፣ አዲስ ዘይት ጨምሮ መለሰ። ሞተሩ ሲነሳ ጥቂት አጨሰና ጠራ። ምንዋጋውንም አሳፍረው፣ ጂፑ ዳገቱን ሳይንተባተብ ወጣው። አናቱ ላይ ሲደርሱ ግን ግራዝማች መሮጡ ሌላ፣ ቤንዚኑ ሌላ ነው አሉ፤ እሑድ ያው እሑድ ነው።

«እንግዲያው እንፈትነው» አለ ምንዋጋው። «ያው መንገድ፣ ያው ጭነት፣ ያው የቤንዚን ልክ፣ ያው ሾፌር ይሁን። የክዳኑን ቁልፍ እርስዎ ይያዙት። የምንለውጠው ጨርቁን ብቻ ነው፤ ስንሄድ መልሰን እናስረው፣ ስንመለስ እንፍታው። ቁልፉ እርስዎ ጋ ሆኖ፣ ጨርቁም ታስሮ ብዙ ካልፈጀ ካሳ ይማል፤ እኔም አፌን እዘጋለሁ።»

እንደተባለው ሆነ። በማግስቱ ሦስቱም ገብሱን እንደ ጫኑ ጨርቁን አስረው ኮረም ሄዱ፤ ሲደርሱ ቤንዚኑ እንደ ልማዱ ተሟጥጦ ነበር። ከዚያ ጨርቁን ፈትተው፣ ያንኑ ያህል ቤንዚንና ገብስ ይዘው ዓርብ ሰቆጣ ገቡ። ግራዝማች በሁለቱም ጉዞ ቁልፉን ከአንገታቸው ማተብ ጋር አስረውት ነበር። ክዳኑን ከፍተው ሸምበቆ ሰደዱ። ከዚህ በፊት እዚህ ሲደርሱ ሸምበቆው ጫፉ እንኳ አይረጥብም ነበር፤ አሁን ከወገቡ በላይ ረጥቦ ወጣ። ግራዝማች ያን ሸምበቆ ይዘው ቆሙ። እሑድ ምን ሊያደርጉ እንደነበር ገና አሁን ታያቸው።

«ካሳ፣ ጨርቁ እንደሚያፍነው አታውቅም ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር። ዓምና ልፍታው ብልዎ ሁለተኛ እጅህን እንዳታስገባ አሉኝ።»

«ማል ስትባልስ? ያን ጊዜ ለምን አልተናገርህም?»

«ሌባ ከተባልሁ በኋላ ብናገር ማን ያምነኝ ነበር?»

ግራዝማች ቁልፉን ከማተባቸው ፈትተው ለካሳ መለሱለት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ መሐላውን ሊያይ ደጃፉን ሞላው። መሪጌታ አሥራተ ማርያም ከፊት ናቸው። ካሳ ወደ ቦታው ሊሄድ ሲነሳ ግራዝማች ክንዱን ይዘው አስቀሩትና ተጠርጣሪ በሚቆምበት ላይ እሳቸው ቆሙ።

«ቤንዚኔን የሰረቀ የለም» አሉ። «ሞተሩን ያፈንሁት እኔ ነኝ፤ ቤንዚኑን ያስበላሁትም እኔ። ይህ ልጅ ነግሮኝ ነበር፣ አልሰማሁትም። ስለዚህ ዛሬ የምምለው እኔ ነኝ። መርምሬ ሳላይ ሰው ላልከስ፣ ከእኔ በታች ያለው የሚለኝን ሳልሰማ ላልፈርድ፣ በዚህ ደጃፍ እምላለሁ።»

ሽማግሌ ግራዝማች በዚያ ቦታ ሲቆም ያየ አልነበረም። መሪጌታው ቀስ ብለው ሄደው ከካሳ ጎን ቆሙ፤ ያን ማየት ለሁሉም በቂ ነበር።

የመመርመር ጥቅሙ ብዙ ነው። ጂፑ ባነሰ ቤንዚን ብዙ ይሄዳል፣ የታመመ ሰው ይዞ ዳገት ላይ አይቀርም፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ትልቁ ጥቅም ግን በሞተሩ አይደለም። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው እረኛውን ወይም ገረዱን ጠርጥሮ ላስምል ብሎ ሲመጣ ግራዝማች መጀመሪያ አብረውት ሄደው ጎታውንና በረቱን ያያሉ። ብዙ ጊዜ ሌባው አይጥ ሆኖ ይገኛል፤ አንዳንዴም የተቀደደ አቁማዳ።

ካሳ ይቅርታውን የሰጠው በዚያ እሑድ አልነበረም። የተነካ ስም እንዲህ በአንድ ቀን አይሽርም፤ ግራዝማችም አላስቸኮሉትም። ከፋሲካ በኋላ ጥሩሐረግን ሲያገባ ግን አባት የሌለው ካሳ በሠርጉ ቀን ከሁሉ አስቀድሞ እሳቸውን ጠራቸውና በአባቱ ቦታ አስቀመጣቸው።